ኤንዞ ፌራሪ፡ በ36 መኪኖች ውስጥ የቀረ እልህ

እ.ኤ.አ. በ1914 መገባደጃ ላይ ኢንተር ሚላን ሞዴና ድረስ ሄዶ የከተማዋን ክለብ 7ለ1 ቀጥቅጦ ተመለሰ። የዚያን ጨዋታ ዘገባ ለዝነኛው ጋዜታ ዴሎ ስፖርት የላከው የ16 ዓመት የሞዴና ልጅ ነበር። ልጁ ሦስት ምኞት ነበረው፤ የኦፔራ ዘፋኝ፣ የስፖርት ጋዜጠኛ እና የመኪና ውድድር አሽከርካሪ መሆን። ለዘፈኑ ድምፁ እምቢ አለው፣ ጋዜጠኝነቱንም ብዙ አልገፋበትም። ሦስተኛው ምኞት ግን ስሙን ዓለም ላይ አናኘው። ልጁ ኤንዞ ፌራሪ ነው።

የእኛ ዘመን ስፖርት ወዳድ ፌራሪን የሚያውቀው ሚካኤል ሹማከር ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን በሆነባት ቀይ መኪና ነው። የድሮ መኪና የሚሰበስቡ ሀብታሞች ልብ ያለው ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ላይ ነው። በ2018 አንዱ ጂቲኦ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ2023 ደግሞ መጀመሪያ ባለ 4 ሊትር ሞተር ሆኖ የተሠራው ወንድሙ 51.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህንን መኪና በሜዳ ላይ ያንበረከከው የአሜሪካው ኮብራ ዴይቶና ኩፔ በ2009 ለጨረታ ሲቀርብ ያወጣው ከ7 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ገንዘብ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጂቲኦ 36 ሲሠራ ዴይቶና የተሠራው 6 ብቻ ነው። የጨረታዎቹ ዓመታት የተራራቁ መሆናቸው እንኳ ቢታሰብ፣ በቁጥር ያነሰው፣ በሜዳም ያሸነፈው መኪና በዋጋ ይህን ያህል የተበለጠው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የኤንዞን ሕይወት ከሥሩ ማየት የግድ ይላል።

የብረት ሠራተኛው ልጅ

ኤንዞ በ1898 ሞዴና ውስጥ ተወለደ። አባቱ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ነበራቸው። የ10 ዓመት ልጅ እያለ አባቱ ቦሎኛ ወስደው የመኪና ውድድር አሳዩት። የዚያን ቀን ፌሊቼ ናዛሮ ሲያሸንፍ ያየው ልጅ ከዚያ በኋላ ልቡ ሌላ ነገር ላይ አላረፈም።

1916 ለቤተሰቡ የመርዶ ዓመት ሆነ። አባቱና ብቸኛ ወንድሙ አልፍሬዶ በዚያው ዓመት ሞቱ። ኤንዞም ለውትድርና ተጠርቶ በተራራ መድፈኛ ጦር ውስጥ የበቅሎ ጫማ መቺ ሆነ፤ ቆይቶም በጠና ታምሞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ የአዛዡን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ሥራ ፍለጋ ቱሪን ወደሚገኘው ፊያት ሄደ። ፊያት ቦታ የለንም ብሎ መለሰው። በዚያ ብርድ ቫለንቲኖ በሚባለው መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህች ወንበር ወደፊት ትመለሳለች።

በ1919 ለአንድ ትንሽ ድርጅት መወዳደር ጀመረ፤ በ1920 ወደ አልፋ ሮሜዮ ተሻግሮ በሲሲሊው ታርጋ ፍሎሪዮ ሁለተኛ ወጣ። ጎበዝ አሽከርካሪ ነበር፤ ከታላላቆቹ ተርታ የሚሰለፍ ግን አልነበረም። በ1923 ራቬና አካባቢ ሲያሸንፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተውን ጀግና አብራሪ የፍራንቼስኮ ባራካን ወላጆች ተዋወቀ። አብራሪው አውሮፕላኑ ላይ ያስለው የነበረው የሚጋልብ ጥቁር ፈረስ ለኤንዞ ተሰጠ። ኤንዞም ፈረሱን በሞዴና ከተማ ቢጫ ቀለም ላይ አስቀመጠው። ዛሬ በየቲሸርቱና በየኮፍያው ላይ የሚታየው ምልክት ያ ነው።

የኤንዞ ትልቁ ችሎታ ሰው መምረጥና ሰውን ከሰው ማፎካከር ላይ ነበር። በ1929 ስኩዴሪያ ፌራሪን አቋቁሞ የአልፋ ሮሜዮን መኪኖች ማወዳደር ጀመረ። በ1935 የእሱ ልጅ ታዚዮ ኑቮላሪ በአሮጌ አልፋ የጀርመንን ኃያላን መኪኖች እዚያው ጀርመን ላይ ጉድ ሠራቸው። ይሁንና አለቃ መውደድ የማያውቀው ኤንዞ ከአልፋ ጋር ተጣልቶ በ1939 ወጣ። ለአራት ዓመት በራሱ ስም እንዳይወዳደርም ውል አሰሩት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ፋብሪካው በ1943 ወደ ማራኔሎ ተዛወረ፤ ቦምብም ወረደበት።

የመጀመሪያው ፌራሪ የሚል ስም ያለው መኪና ወደ ሜዳ የወጣው በ1947 ነው። በዚያው ዓመት መኪናው ቱሪን ቫለንቲኖ መናፈሻ ውስጥ በተካሄደ ውድድር አሸነፈ። ኤንዞ ያቺን አግዳሚ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠባትና ዳግመኛ አለቀሰ። በ1949 የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር፣ በ1951 ደግሞ በእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ያሳደገውን አልፋ ሮሜዮን አሸነፈ። በዚያን ቀንም አለቀሰ ይባላል፤ የገዛ እናቱን የጎዳ ያህል ተሰምቶት ነበርና።

ሞት የማይለየው ቤት

ኤንዞ ለመንገድ የሚሆን መኪና የሚሸጠው የውድድሩን ወጪ ለመሸፈን ነበር። ለእሱ መኪና ማለት እንደ ተሰላፊ ነው፤ ካላሸነፈ ወደ ተቀያሪ ወንበር፣ ካረጀም ይሸጣል። ያሸነፉ መኪኖቹን እንኳ አላስቀመጠም። ጨካኝ ነው የሚሉት ግን በመኪናው ሳይሆን በሰዉ ነበር።

በ1956 የ24 ዓመት ልጁ ዲኖ በጡንቻ መሟሸሽ በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ ኤንዞ ጥቁር መነጽር የማይለየው፣ ውድድር ቦታ የማይሄድ ሰው ሆነ። ሞንዛ ላይ ልምምድ አይቶ ይመለሳል፤ ዋናውን ውድድር ቤቱ ሆኖ ይከታተላል። በ1957 ካስቴሎቲ በሙከራ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት በሚሌ ሚሊያ ውድድር የዴ ፖርታጎ ፌራሪ ከመንገድ ወጥቶ ሾፌሩን፣ ረዳቱንና ዘጠኝ ተመልካቾችን ገደለ፤ ከተመልካቾቹ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ኤንዞ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ነፃ የወጣውም በ1961 ነው። በ1958 ሙሶና ኮሊንስ ተከተሉ። የቫቲካን ጋዜጣ ልጆቹን ከሚበላው የጥንት ሮማውያን አምላክ ጋር አመሳሰለው። በ1961 ሞንዛ ላይ ፎን ትሪፕስና ከአሥር የሚበልጡ ተመልካቾች አለቁ። ኤንዞ ግን ሱቁን አልዘጋም።

ጂቲኦ የተወለደው በፀብ መሀል ነው

በ1961 ጃጓር ኢ-ታይፕን ይዞ ሲመጣ ኤንዞ በግራን ቱሪስሞ ምድብ የሚወዳደር አዲስ መኪና አስፈለገው። ሥራው ለመሐንዲሱ ጆቶ ቢዛሪኒ ተሰጠ። ቢዛሪኒ የነበረውን ባለ አጭር ሻንሲ 250 ጂቲ ወስዶ ሞተሩን ወደ ኋላና ወደ ታች ገፋው፤ አፍንጫውን አሹሎ ጭራውን ቆረጠው፤ በፒዛ ዩኒቨርሲቲ የነፋስ መሞከሪያም ፈተነው።

መኪናው ሳያልቅ ፋብሪካው ታመሰ። በ1961 መገባደጃ ላይ ቢዛሪኒን፣ ዋናውን መሐንዲስ ካርሎ ኪቲንና የቡድን መሪውን ሮሞሎ ታቮኒን ጨምሮ ከፍተኛ ባለሙያዎች ተሰብስበው በኤንዞ ባለቤት በላውራ ጣልቃ ገብነት ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ኤንዞ አልተደራደረም፤ ሁሉንም አሰናበታቸው። ቡድኑ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት ማለት ነው። ገና 27 ዓመት ያልሞላውን ማውሮ ፎርጊዬሪን ጠርቶ ሥራው ያንተ ነው አለው። ወጣቱ የመኪናውን አያያዝ አስተካከለ፤ ሰርጂዮ ስካሊዬቲ ደግሞ ቦዲውን ቀጠቀጠ። ስካሊዬቲ ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ ጋራዦች ሳይቀር በጣሊያንኛ ስሙ ባትላሜራ በሚባለው ሙያ ነው። የጂቲኦ ቦዲም በእጅና በመዶሻ የወጣ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይለያል።

አሁን ወደ ደንቡ እንምጣ። በጂቲ ምድብ ለመወዳደር ቢያንስ 100 ተመሳሳይ መኪና መሠራት ነበረበት። ኤንዞ ግን ጂቲኦ አዲስ መኪና ሳይሆን የድሮው 250 ጂቲ የተሻሻለ ነው ብሎ አስገባው፤ ዳኞቹም ተቀበሉት። ከስሙ መጨረሻ ያለችው ኦ ኦሞሎጋቶ፣ ማለትም ለውድድር የጸደቀ የሚለው ቃል ናት። ከ1962 እስከ 1964 ባለ 3 ሊትር ሞተሩ 36 ብቻ ተሠራ። በ1962 ሲብሪንግ ላይ ፊል ሂልና ኦሊቪዬ ጀንደቢያን በመጀመሪያ ውድድሩ ከአጠቃላዩ ሁለተኛ፣ ከምድቡ አንደኛ አደረጉት። ገንዘብ ስላለ ብቻ መግዛትም አይቻልም ነበር፤ ማን ይግዛ ማን አይግዛ የሚለው የኤንዞ ፈቃድ ነው።

ከቴክሳስ የመጣው ባላንጣ

ካሮል ሼልቢ የቴክሳስ ሰው ነው፤ በአንድ ወቅት ዶሮ አርቢ ነበር። በ1959 በአስቶን ማርቲን ሌማንን አሸነፈ፤ በልብ ሕመም ምክንያት በ1960 መንዳት አቆመ። ሼልቢ ኤንዞን አይወደውም ነበር። ኤንዞ ለአሽከርካሪዎቹ ሕይወት ግድ የለውም የሚል ቂም ይዟል። በ1962 የእንግሊዙን ኤሲ ቀላል መኪና ወስዶ የአሜሪካውን ፎርድ ሞተር ከተተበትና ኮብራ አለው። ኮብራ ጉልበት ነበረው፤ ግን ክፍት መኪና ስለሆነ ነፋሱ ይይዘዋል። በሌማን ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ከ260 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ጂቲኦ እዚያ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

በ1963 የጸደይ ወራት ሌላ ነገር ተፈጠረ። የፎርድ ኩባንያ ፌራሪን ለመግዛት ማራኔሎ ገባ። ንግግሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኤንዞ የውድድሩ ክፍል በጀትና ውሳኔ በፎርድ እጅ እንደሚሆን የሚገልጸውን አንቀጽ አየ። በዚያው አበቃ፤ ውሉን ጥሎ ተነሳ። ሄንሪ ፎርድ 2ኛ በንዴት ጨሱ፤ ፌራሪን ለማሸነፍም ካዝናውን ከፈቱት።

ሼልቢ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ፒት ብሮክ የሚባል የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ብሮክ ኮብራውን ጣሪያ አልብሶ፣ አፍንጫውን ዝቅ፣ ጭራውን ቆረጥ አድርጎ ንድፍ አወጣ። አንዳንዶቹ ባልደረቦቹ ሳቁበት። ሞካሪው ኬን ማይልስ ግን አመነው፤ ነድቶም ፍጥነቱን አረጋገጠ። በየካቲት 1964 ዴይቶና ላይ መኪናው ሲመራ ቆይቶ ነዳጅ ሲሞላ እሳት ተነሳበትና ወጣ፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በሚቀጥለው ወር ሲብሪንግ ላይ ጂቲኦዎቹን ቀድሞ ምድቡን አሸነፈ። ሰኔ ላይ ደግሞ ዳን ገርኒና ቦብ ቦንዱራንት ሌማን ላይ ከአጠቃላዩ አራተኛ፣ ከጂቲው አንደኛ ሆኑ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ከስድስቱ ዴይቶናዎች የመጀመሪያው ካሊፎርኒያ ሲሠራ የአምስቱ ቦዲ የተቀጠቀጠው ሞዴና ነው። አዎ፣ ኤንዞ የተወለደባት ሞዴና! ፌራሪን የሚጥለው መኪና ከፋብሪካው ደጃፍ፣ በአገሩ ባትላሜራዎች እጅ ነው የወጣው።

ሁለቱ ፊት ለፊት

ጂቲኦ 2,953 ሲሲ፣ 12 ሲሊንደር፣ ስድስት ካርቡራተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮና ወደ 300 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው። ዴይቶና ባለ 8 ሲሊንደር 4.7 ሊትር ነው፤ ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ፣ ጉልበቱ ወደ 385 ይደርሳል። የፌራሪው ሞተር እንደ ሰዓት ተቆጥሮ የተገጣጠመ ነው። የፎርዱ ግን ሠራተኛው አሜሪካዊ ገበያ የሚሄድበት ተራ መኪና ላይ ካለው ሞተር ቤተሰብ የመጣ ነው። በፍጥነት ጂቲኦ 280 አካባቢ ሲል ዴይቶና ከ300 ይዘላል። በመታጠፊያና በፍሬን ላይ የሚሻለው ቀላሉ ጂቲኦ ነው። ከኋላ ሁለቱም የቆሙት በባሌስትራ ላይ ስለሆነ ለዘመኑም ቢሆን አሮጌ ነበሩ። ሁለቱም ጭራ ቆራጣ፣ ሁለቱንም ለድል ያበቋቸው 30 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው።

ልዩነቱ ጂቲኦ ለደንበኛ የሚሸጥ መኪና መሆኑ ነው። ባለቤቱ ሜዳ ድረስ ነድቶት ሄዶ፣ ተወዳድሮበት፣ ነድቶት ሊመለስ ይችላል። ዴይቶና አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ጂቲኦን ማሸነፍ።

ያንን ሥራ በ1964 ሊጨርሰው ተቃርቦ ነበር። ኤንዞ ባላንጣው እየደረሰበት መሆኑን ሲያይ ሞተሩ ከኋላ የሆነውን 250 ኤልኤም በጂቲ ምድብ እንዲያጸድቁለት ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ግን ዳኞቹ በጂቲኦ የሠራው ብልጠት አይደገምም አሉ፤ 100 መኪና አልሠራህም ብለው ቀይ ካርድ አወጡበት። በፀቡ መሀል የሞንዛው የጂቲ ውድድር ከሻምፒዮናው ወጣ፤ ሼልቢ ነጥብ የሚሰበስብበት አንድ ሜዳ አጣና ዋንጫው በጥቂት ልዩነት ለፌራሪ ቀረ። ኤንዞ ግን የጣሊያን ማኅበር አልደገፈኝም ብሎ ፈቃዱን መለሰ። ለዚህም ነው ጆን ሰርቲስ በዚያ ዓመት የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ነጭና ሰማያዊ በተቀባ ፌራሪ ላይ ሆኖ የሆነው።

በ1965 የፌራሪ ፋብሪካ ጂቲውን ለግል ተወዳዳሪዎች ትቶ ዞር አለ። ሼልቢም አላመለጠውም። ሐምሌ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ፈረንሳይ ሬምስ ላይ ሻምፒዮናውን አረጋገጠ። በሌማን አጠቃላይ ውጤት ደግሞ የፎርድ ጂቲ40 ከ1966 እስከ 1969 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ።

ውድቅ ዕቃ የነበሩ ጊዜ

ማሸነፍም መሸነፍም ካለፈ በኋላ ሁለቱም መኪኖች የሚፈልጋቸው አጡ። የመጀመሪያው ዴይቶና በ4,500 ዶላር ተሸጠ፤ ቆይቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ የተገኘው በ2001 ነው። አሁን ፊላደልፊያ በሚገኘው የሲሚዮን ሙዚየም አለ። ከጂቲኦዎቹ አንዱም ቴክሳስ ውስጥ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጋራዥ ክፍል በስጦታ ተሰጥቶ፣ በ1972 በ6,500 ዶላር ወጣ። ያኔ በዋጋ ብዙም አይበላለጡም ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን መጣ? ዴይቶና ሥራውን ጨርሶ ሄደ፤ ከኋላው ያንን ስም ይዞ በየዓመቱ ሜዳ የሚወጣ ቡድን አልነበረም። ከጂቲኦ ኋላ ግን ኤንዞ ነበረ። የሚገዛው ሰው 12 ሲሊንደር ብቻ አይገዛም። ስምንት መቶ ጊዜ ቢለመን የማይሸነፍ፣ በደንብ የሚጫወት፣ መሐንዲሶቹን በአንድ ቀን አባሮ በሕፃን ልጅ የሚያሸንፍ፣ የፎርድን ገንዘብ ረግጦ የሚሄድ ሰው እልህ አብሮ ይገዛል። በዚያ ላይ የመኪናው ቁጥር ያነሰው ኤንዞ መቶውን ስላልሠራ ነው። ያኔ ማጭበርበር የተባለው ነገር ዛሬ ዋጋ ሆኖ ተቆጠረ።

የእልሁ ዋጋ ግን በኤንዞም ላይ ተቆጥሯል። ገንዘቡ አልቆ በ1969 የፌራሪን ግማሽ ድርሻ ሸጠ። የገዛው ያኔ በብርድ የመለሰው ፊያት ነው። ፊያት ፎርድ የነፈገውን ሰጠው፤ የመንገዱን መኪና እኛ እንሥራ፣ ውድድሩ ግን እስክትሞት ያንተ ነው ተባለ። በ1945 ከሌላ ሴት የተወለደውን ልጁን ፒዬሮን በይፋ የተቀበለው ባለቤቱ ላውራ በ1978 ከሞተች በኋላ ነው። ያ ልጅ በስሙ ለመጠራት ከ30 ዓመት በላይ ጠብቋል።

ኤንዞ ፌራሪ ነሐሴ 14 ቀን 1988 በ90 ዓመቱ ሞተ። እንደ ኑዛዜው ሞቱ የተነገረው ከተቀበረ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ማክላረን ከ16 ውድድሮች 15ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ያመለጠችው አንዷ ኤንዞ ከሞተ ከአራት ሳምንት በኋላ ሞንዛ ላይ የተካሄደችው ናት። ሴና እየመራ ሁለት ዙር ሲቀረው ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ፤ ሁለቱ ፌራሪዎች፣ ጌርሃርድ በርገርና ሚኬሌ አልቦሬቶ፣ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ሽማግሌው በሕይወት ቢኖርም ግን እዚያ አይገኝም ነበር። እንደ ልማዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው።